በጥጥ ላይ የተዘራ ስንዴ

ቤይሩት፣ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ወርቂቱ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የአጎቴን የወልደሩፋኤልን ነፍስ በአብርሃም ጎን ያኑርልኝ፤ ለእርስዎ ደግሞ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

መካነ ሰላም ስልክ ከጠፋ ወዲህ በምን እንደማገኝዎት ግራ ገብቶኝ ከርሜ ነበር። መላውን ያገኘው ደሴ የሚመላለሰው ጎረቤትዎ አሕመድኑር ነው። ደሴ ያለው ወንድሙ ያሲን እኔ በስልክ የምልክለትን ወረቀት ላይ አትሞ ለሾፌር ይሰጣል፤ የእርስዎንም ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ሳያነበው እንደማያልፍ አውቄ ነው የምጽፈው። "ሐሜት ካለበት ረዘም አድርጊው" ብሎኛል።

ልጄን በስልክ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ሐምሌ ላይ ነው። አልጋ ሥር ገብታ "ያቺ የስልኳ ሴትዮ ሄደች?" ብላ ስትጠይቅዎት ሰማሁ። እርስዎ ቶሎ ብለው ወሬ ቀየሩ፤ እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ። ስወጣ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያን ዕለት "ተኝታለች፣ አትቀስቅሻት፣ እንዲያ ይቀላታል" ብለውኝ ሳልስማት ወጣሁ። አሁን አምስት ሞላት። አባቷን ሳታየው ቀረች፤ እናቷንም እንዲሁ ሳታውቅ እንዳታድግ ፈራሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እዚህ ያሉ ክርስቲያኖች ገናን ከእኛ ቀድመው ነው የሚያከብሩት። ከገናቸው ሦስት ሳምንት በፊት በርባራ የምትባል ሰማዕት ቀን አለች። በዚያን ዕለት ስንዴ ይቀቅላሉ፤ ያው የእኛ ንፍሮ ነው፣ ስኳርና ዘቢብ ይጨምሩበታል እንጂ። ልጆች ፊታቸውን ሸፋፍነው በየጎረቤቱ ይዞራሉ፤ ባለቤቱም ያላወቃቸው መስሎ ይደነግጥላቸዋል። ከዚያ በሳህን ላይ እርጥብ ጥጥ አንጥፈው ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራ ይዘራሉ። ለገና ቡቃያው ይደርሳል። ጌታ የተወለደበትን ዋሻ በወረቀት ይሠሩና ዙሪያውን በአረንጓዴ ይከቡታል።

የአሠሪዬ የማዳሜ ልጅ ማያ የልጄ የፋና እኩያ ናት። በየዓመቱ ከእኔ ጋር ነው የምትዘራው። "አንቺ ምስሩን፣ እኔ ስንዴውን" ትለኛለች። እኔም እሺ እያልኩ እዘራለሁ። ሳህኑን ባጠጣሁ ቁጥር የማስበውን ለእርስዎ መናገር አያሻኝም።

ቀኑ በእኛ ኅዳር 24 ነው። በዚያው ቀን ፋናም እንድትዘራ ያድርጉልኝ። እናትሽም ዛሬ ይህንኑ እየሠራች ነው ይበሏት። ከልጄ ጋር አንድ ቀን፣ አንድ ሥራ ልሥራ።

እግርዎን ስሜአለሁ።
የኔአለም


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔአለም ልጄ፣

ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የሰው አገር ሥራ ይቅለልሽ። እኛ ደህና ነን። ውርጩ ዘንድሮ በርትቷል፤ ባቄላውን አንድ ሌሊት ጠብሶት አደረ። ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

ወረቀትሽ የደረሰኝ ኅዳር 23 ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ አልሰጠኝም። ጥጡን ከባዘቶዬ ቀነስኩ። ስንዴው ከወግዲ የመጣ ነው፤ ምስሩና ሽምብራው ከቤት። ፋና አንድ አንዱን ፍሬ በሁለት ጣቷ እያነሳች ደረደረችው። የአሕመድኑር ትንሿ ልጅ ዘምዘም መጥታ "እኔም ካልዘራሁ" ብላ አለቀሰች፤ ለእሷም የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሰጠኋት።

አልታዬ በአጥር በኩል አይታን ዝም አላለችም።

"ወርቂቱ፣ በጾም ብቅል ማብቀል ጀመርሽ?"

"ብቅል አይደለም፣ ለገና ነው።"

"ለገና በአንድ ሳህን ብቅል? ጠላውን የምትጠምቂው ለአይጥ ነው?"

አሕመድኑር ደግሞ ሳህኑን ጎንበስ ብሎ አየና "ስንዴ በጥጥ ላይ ከበቀለማ በሬዎቼን ነገ ገበያ አወጣቸዋለሁ" አለ።

በቀለ። ዛሬ ጣት ያህላል። ፋና "ለምንድን ነው?" ስትለኝ "ይህ አረንጓዴ ሆኖ ካየሽው እናትሽ ደህና ናት ማለት ነው" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ሄዳ ታየዋለች። ተመልሳም "ደህና ናት" ትለኛለች። ከዚያ ነው ቁርስ የምትበላው።

የሚመጣ ሰው ካገኘሽ የቆዳ ጫማ ላኪላት። የእግሯን ልክ በክር ለክቼ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። ያሲን ክሩን ፎቶ ሲያነሳው ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

አክስትሽ ወርቂቱ


ቤይሩት፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቂቱ፣

ሰላምታዬ ጾሙን በብርታት ለያዙት ለእርስዎና ለመላው ጎረቤት ይድረስ። ጌታ የልደቱን ቀን በደስታ ያድርስዎት።

"ደህና ናት" ትለኛለች ያሉትን ከስንት ጊዜ በላይ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። ማዳሜ "ምን ሆነሽ ነው ብቻሽን የምትስቂው?" አለችኝ። ክሩም ደርሶኛል። ያሲን ከስክርቢቶ ጎን አስቀምጦ ነው ያነሳው፤ በስክርቢቶው ለክቼ አወቅሁት። ከሠፈሬ ልጆች አንዷ በመጋቢት ስለምትገባ ጫማውን እሷ ትይዘዋለች።

የነሱ ገና ከትናንት ወዲያ ዋለ። ዋሻውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቡናማ ወረቀት ጨምድደን እንደ ድንጋይ አደረግነው። ማያ በጎቹን አንድ አንድ እያደረገች አሰማራች። ቡቃያው ጥቅጥቅ ብሎ ነበር፤ ቀይ ጥብጣብ አሰረችለት። "ያንቺ ልጅ ስንዴ ከእኔ ይበልጣል?" አለችኝ። "በውርጭ አገር ነው የበቀለው፣ ያንቺ ምቾት ያሳደገው ነው" አልኳት። አኮረፈች። በኋላ መጥታ "ለእሷ አንድ በግ እሰጣታለሁ" አለች።

በእኛ ገና ፋና ሳህኑን የት እንዳስቀመጠችው፣ ማን እንዳየላት፣ ምን እንዳለች፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ።

የኔአለም


መካነ ሰላም፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔአለም ልጄ፣

አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ገናም ጥምቀትም በሰላም አለፉ። ወንዶቹ ልጆች ከሜዳው ገና ሲጫወቱ ሩሯ የመሪጌታ ይሄነውን ጥምጥም መትታ ጣለችው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለው ዱላውን ከልጆቹ ተቀበሉና ራሳቸው አንድ መቱ። እኔ ስቄያለሁ።

ፋና አድጋለች። እስከ "መ" ቆጥራለች። ጫማው ቢዘገይም ግድ የለም፤ ይልቅ ፊትሽ ጎላ ብሎ የሚታይበት ፎቶግራፍ ላኪ።

አክስትሽ ወርቂቱ


ቤይሩት፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቂቱ፣

የጾሙን በረከት ያድልልኝ። ፎቶግራፉን ለያሲን ልኬለታለሁ፤ በትልቁ ያትመዋል።

እትዬ፣ ስለ መሪጌታ ጥምጥም ጽፈውልኛል። ስለ ቡቃያው ግን አንዲት ቃል የለችበትም። ደብዳቤውን ገልብጬ ሁሉ ፈለግሁ። እርስዎ የሚረሱ ሰው አይደሉም። ምን ሆነ?

ሌላም ነገር አለ። ማዳሜ ሁለት ዓመት እንድፈርም እየጠየቀችኝ ነው። ማያ ለምዳኛለች፣ ሌላ ሰው አታስጠጋም። ፋና እኔን የማታውቀኝ ከሆነ መምጣቴ ማስደንገጥ ነው፤ ሁለት ዓመት ሠርቼ ደህና ትምህርት ቤት ባስገባት ይሻላል ብዬም አሰብኩ። እርስዎ ምን ይላሉ? እውነቱን ይንገሩኝና ልወስን።

የኔአለም


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔአለም ልጄ፣

ትንሣኤው ያንቺንም ሐዘን ያንሳልሽ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ወረቀትሽ የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። ቢዘገይም ባይዘገይም ይህን መጻፍ አልቀረልኝም።

ቡቃያው እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ሸጋ ነበር። ከዚያ ጫፉ ቢጫ ሆነ። እኔ ለእነሱ ገና በተቆጠረ ቀን ዘርቼ የእኛን ገና ስጠብቅ ነበር። የእኛ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው የሚመጣ፤ ጥጥ ደግሞ አፈር አይደለም፣ ያን ያህል አያቆይም። የገበሬ ልጅ ሆኜ ይህን ሳላስብ ቀረሁ።

ፋና ውሃ ጨመረችበት። ፀሐይ ላይ አወጣችው። ትንፋሿን እፍ አለችበት። በገና ዋዜማ ጠዋት ሳህኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ዘምዘም ዘንድ የሄደች መስሎኝ ነበር። ለካስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ዲያቆን አምላኩን አግኝታዋለች።

"ይኸን ቅበሩልኝ" አለችው። "ፍትሐትም ይደረግ።"

"ማን ሞተና?"

"እናቴ።"

"ማን ነገረሽ?"

"እኔ ነኝ ያየሁት።"

አምላኩ የጠቀለለችውን እንኳ ሳይፈታ መርዶ መጣ ብሎ ሮጠ። እኔ ለበዓሉ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አልታዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች ገባች፤ ከኋላዋ እድርተኛው። ዓይኔ በሽንኩርቱ እንባ ሞልቶ ሲያገኙኝ ነገሩ ተረጋገጠላቸው። "ምን ሆናችሁ?" ብል "አይ፣ አእምሮዋን ስታለች" ይላሉ። "አልሞተችም!" ስል "አይዞሽ፣ አልቅሺ ይወጣልሻል" ይላሉ። አሕመድኑር የእድሩን ድንኳን ተሸክሞ ደረሰ። ያን ሰሞን የመጣውን ደብዳቤሽን አውጥቼ ከነቀኑ አነበብኩላቸው፤ ስለ በጉ ያለውንም ጭምር። ያን ጊዜ ነው ለቅሶውን የተዉት። አልታዬ ፊቷን ጠርጋ "እንግዲህ ያፈሰስኩት እንባ ይያዝልኝ፣ እኔ ስሞት ትመልሱታላችሁ" አለች። ሁሉም ሳቀ። የመጡትን በባዶ አልሸኘሁም፤ ጾም ስለነበር ንፍሮ ቀቅዬ አበላኋቸው።

ፋና ግን አልሳቀችም። ትልልቅ ሰዎች ስምሽን እየጠሩ ሲያለቅሱልሽ አይታለች። "እናትሽ ደህና ናት፣ ስንዴው ነው የደረቀ" ብላት "እሺ" አለችኝ። እሺ የምትለው ነገሩ እንዲያልቅላት ስትፈልግ ነው። አሁን የላክሽውን ፎቶግራፍሽንም ሰጠኋት፤ አየችና ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ከለቅሶው ቀን ወዲህ እማዬ ብላ የምትጠራ እኔን ነው። እኔም "ወዬ" እላታለሁ።

ምን ትያለሽ ብለሽኛል። አትፈርሚ። ጫማም ትምህርት ቤትም ይቆያል። ለዚህች ልጅ የጎደላት አንድ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ያሲን አትሞ ሊልክልኝ አይችልም።

አክስትሽ ወርቂቱ


ቤይሩት፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቂቱ፣

አልፈረምኩም።

ማዳሜ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን "እሺ፣ ገናን ከማያ ጋር አሳልፊና ትሄጃለሽ" አለች። ፓስፖርቴን በእጄ አድርጌያለሁ። ለእኛ ገና እቤት ነኝ።

እስከዚያ "እማዬ" ስትልዎት "ወዬ" ይበሏት። የሚላት ከማጣት እርስዎ ይበሏት። እኔ ስመጣ እንነጋገራለን።

የኔአለም


መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔአለም ልጄ፣

አምላክ በጥላው ይከልልሽ። በሬዲዮ የምንሰማው ደህና አይደለም። ቤይሩት ሕንፃ ፈረሰ፣ ሰው ከተማውን ጥሎ ወጣ ይላል። የመስከረሙን ደብዳቤዬን ያሲን ልኮልሽ ነበር። "ሄዷል፣ ግን አልደረሳትም፣ ስልኳ ዝግ ነው" ይላል። አሕመድኑር ከደሴ በተመለሰ ቁጥር የተሳፈረበት መኪና ሲቆም እወጣለሁ። ገና ከሩቅ እጁን ያወዛውዛል፤ እንዳልመጣ አውቄ እንድመለስ ነው። በየጁምዓው ዱዓ አስደርጌላታለሁ ብሎኛል፤ እኔም በየቅዳሴው ስምሽን እሰጣለሁ። አልታዬ መቀለድ ትታለች። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ፋና ትምህርት ቤት ገብታለች። ስላንቺ አትጠይቅም። እኔ ሬዲዮ ስከፍት ግን ከቤት ትወጣለች።

ይህን ባታነቢውም እጽፋለሁ። መጻፉን ከተውሁት እኔም እንደዚያ ቀን ለቀስተኞች መሆኔ ነው።

ወርቂቱ


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔአለም ልጄ፣

መልስ ሳይመጣ ሦስተኛ ስጽፍ ያሲን ምን ይለኝ ይሆን? ይበል።

ከትናንት ወዲያ ታኅሣሥ 8 ቅዳሴ ቆሜ ነበር። ስንክሳሩ ሲነበብ "በርባራ" የሚል ስም ሰማሁ። አንቺ የጻፍሽልኝ ስም። የሰማሁ መስሎኝ ይሆናል ብዬ ሕዝቡ ሲወጣ አምላኩን "እስቲ ያን ገጽ አሳየኝ" አልኩት። እንደምታውቂው እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ አጎትሽ ለልጆቹ ሲያስቆጥር ከጓዳ ሆኜ የለቀምኩት ነው። ቢሆንም አነበብኩት። ቅድስት በርባራ፣ አባቷ ራሱ የገደላት ሰማዕት። የእኛም ናት። የእኛ ቀኗ ከእነሱ ይዘገያል፤ ገናችንም ያንኑ ያህል ይዘገያል። ከእሷ እስከ ልደት ለእነሱም ሦስት ሳምንት፣ ለእኛም ሦስት ሳምንት። አምና የእነሱን ቀን ተበድሬ ነው የእኛ ገና ላይ ያልደረሰው። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የመጣሁት በሩጫ ነው ማለት ይቻላል፤ ጉልበቴ ዛሬም ይመሰክራል።

ፋና ሳህኑን ስታይ እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

"አልዘራም። ይሞታል።"

"አዎ፣ ኋላ ይደርቃል። ስንዴ ነው።"

"እናቴስ?"

"እናትሽ ስንዴ አይደለችም። አምና እንዲያ ያልኩሽ ተሳስቼ ነው። አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ደህና ትሁን አትሁንም አላውቅም።"

"ስታውቂ ትደብቂኛለሽ?"

"አልደብቅሽም። ባወቅሁባት ሰዓት ትሰሚያለሽ።"

ከዚያ ሄዳ እጇን ታጥባ መጣች። "ምስሩን ለእሷ እኔ እዘራላታለሁ" አለች።

የአምናው እንዳይደገም ሥራውን የብዙ ልጆች አደረግሁት። ዘምዘም መጣች፣ የአምላኩ ሁለቱ ሕፃናት መጡ፣ የአልታዬ የልጅ ልጆችም መጡ። ስንዴ ቀቀልኩ፤ ስኳር ጨመርኩበት፣ ዘቢብ አላገኘሁም። ነጠላ አከናንቤ ዓይናቸውን ብቻ አስቀርቼ ላክኋቸው። አልታዬ በር ከፍታ "ኧረ ጅብ መጣብኝ!" ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ማታ ጀምሮ መቀለድ ጀምራለች፤ ደስ አለኝ። አሕመድኑር ቤት ሲደርሱ ዘምዘምን የራሷ አባት "ማን ነሽ?" ሲላት "ያላወቅኸኝ ነኝ" አለችው። ኋላ ደግሞ "ለመውሊድም እንዘራለን?" ብላ ጠየቀችው። "የመውሊዱን ቀን እንኳ እኔ ነኝ የምቆጥርላችሁ፣ ለወርቂቱ አልሰጣትም" አለ።

ዋሻውን ከሲሚንቶ ከረጢት እየሠራን ነው። ከብቶቹን ፋና ከጭቃ ሠርታለች። በግ የላትም። በግ ከማያ ይመጣል አለችኝ። ደብዳቤሽን ለለቀስተኞቹ ሳነብ ሰምታ ይህን ሁሉ ጊዜ ይዛዋለች።

ጫማ አልፈልግም፣ ፎቶግራፍም አልፈልግም። ካለሽ እንዳለሽ አሳውቂኝ።

ወርቂቱ


ቤይሩት፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቂቱ፣

አለሁ።

ደብዳቤዎችዎን ሁሉንም ዛሬ አንድ ላይ አነበብኳቸው። መስከረም ላይ ሠፈራችን ሲመታ በሌሊት ልብሳችን ወጣን። ስልኬ እዚያው ቀረ። ማዳሜ ልጆቿን ይዛ ተራራ ላይ ወዳለ የዘመዶቿ መንደር ወሰደችን። የያሲን ቁጥር በቃሌ አልነበረም፤ የእርስዎ ስልክ ደግሞ አይሠራም። በኅዳር ጦርነቱ ቆሟል ተባለ፤ ወደ ቤት የተመለስነው ግን ገናው ካለፈ በኋላ ነው። ስልኩን ፍርስራሽ ሥር አገኘሁት፤ መስታወቱ ተሰብሯል፣ ይሠራል። ፓስፖርቴ ሁሌም ደረቴ ላይ ነበር።

በተራራው ከማያ ጋር ዘርተናል። ጥጥ ለቁስለኛ ስለተፈለገ በፎጣ ቁራጭ ላይ ዘራን። በቀለ። ልሄድ መሆኑን ስነግራት በጉን ሰጠችኝ፤ አንድ ጆሮው የለም። እንደ ቃሏ ነው።

ታኅሣሥ 25 አዲስ አበባ እገባለሁ። 27 ደሴ ያሲን ዘንድ አድራለሁ። መንገድ ከሰጠኝ 28 ከደሴ ተነስቼ በአቀስታ በኩል ማታ እደርሳለሁ።

አንድ ልለምንዎት። አንዴ ቀብራኛለች፤ ድንገት ተነስቼ ስመጣባት ምን ይሰማት ይሆን እያልኩ ፈራሁ። እናትሽ ናት ብለው አያስጨንቋት። እንግዳ ናት ይበሏት፣ ቀስ ብላ ትልመደኝ። ማታ ስደርስ ተኝታ ከሆነም አይቀስቅሷት። ከበሩ ጥግ ሆኜ አያታለሁ።

የኔአለም


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ደሴ ላይ ያሲን በእጅሽ የሚሰጥሽ)

የኔአለም ልጄ፣

እግርሽ የረገጠውን አፈር አምላክ ይባርከው።

"አለሁ" የሚለውን አሕመድኑር መኪናው ሳይቆም በመስኮት እየጮኸ ነው ያመጣልኝ። አልታዬ እልል አለች። እኔ ሄጄ ፋናን ከትምህርት ቤት አወጣኋት፤ ባወቅሁባት ሰዓት ብያታለሁና። መምህሯ "ምን ተፈጠረ?" ቢለኝ "ቃል አለብኝ" አልኩት። በመንገድ ላይ ነገርኳት። አልዘለለችም፣ አላለቀሰችም። እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝና "ስንዴው ሳይነግረን አወቅን" አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አስቀምጬ ሌላውን ነገርኳት።

"ከእንግዲህ እማዬ የምትይኝ እኔን አይደለም።"

"አንቺንስ ማን ልበልሽ?"

"እትዬ ወርቂቱ።"

"ይረዝማል።"

"እትዬ ብቻ በይኝ።"

"እሷንስ?"

"እሱን እሷ ፊት ሆነሽ አፍሽ ያለሽን በያት።"

ሳህኑን ልታጠጣ ሄደች። ስትመለስ ሁለት ጊዜ "እማዬ" ብላ ጠራችኝ፤ ወዬ አላልኩም። በሦስተኛው "እትዬ" አለች። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ቦታውን ጠርጌ እንደጠበቅሁሽ እንድታውቂ ነው።

ቡቃያው ዛሬ እንዲህ አረንጓዴ ነው ብል ስክርቢቶዬ ጥቁር ብቻ ነው የሚጽፈው። ራስሽ ታይዋለሽ። በመንገድሽ ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ክፉ ነውና ጋቢውን ከያሲን ተቀበይ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ።

እንግዳ ናት አልላትም። አትቀስቅሷት ብለሽ የጻፍሽውን ደግሞ አንብቤዋለሁ። ያን ቃል አንድ ጊዜ እኔ ተናግሬው አንቺ ሰምተሽኛል። ጠዋት ነቅታ አልጋ ሥር ሁሉ የፈለገችሽ እንዴት እንደነበር እስከዛሬ አልነገርኩሽም፤ ዛሬም አልነግርሽም። አሁን ግን አንቺ ስትይው አልሰማሽም።

በሩን ስታንኳኪ፣ በየትኛውም ሰዓት ይሁን፣ መጀመሪያ እሷን እቀሰቅሳታለሁ። የምትከፍትልሽ እሷ ናት።

ወርቂቱ